ለጡንቻ የፕሮቲን ዱቄት የግድ ነው?

ጂም በጀመሩ ሰሞን «ፕሮቲን ካልወሰዱ ለውጥ የለም» ሳይባሉ አይቀሩም። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ከጣሳ መምጣቱ ግን ግዴታ አይደለም። ጡንቻን የሚያሳድገው በቅድሚያ ክብደት ማንሳቱ ነው። አዘውትሮ ለሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ከመዘኑ 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 18፣ 100 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ ደግሞ 26 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ጣሳውን ከመግዛትዎ በፊት የትናንት ማዕድዎን ይደምሩ።

በጾም ወቅት ይህን መሙላት ይከብዳል፤ አንክድም። ሆኖም እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከባቄላ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ያሟላል። በገበያ ላይ ያለው ዱቄት አብዛኛው ከወተት የሚሠራ ስለሆነ ለጿሚ መፍትሔ አይሆንም፤ ይህን ሻጩ ላይነግርዎ ይችላል።

በሥራ ጥድፊያ ምግብ ለሚያመልጠው ሰው ዱቄቱ ሊያግዝ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩት።