ማርስ ላይ የታየው «የነብር ነጠብጣብ» ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ሰሞኑን በፌስቡክም በቴሌግራምም አንድ ፎቶ እየዞረ ነው። ቀላ ያለ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ከሥሩ «ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ!» ተብሎ ተጽፏል። ከሾኔም ከሆሳዕናም «እውነት ነው እንዴ?» እያላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። አጭሩ መልሳችን፦ ፎቶው እውነተኛ ነው፣ ጽሑፉ ግን ከፎቶው ቀድሞ ሮጧል።

ፎቶውን ያነሳው ፐርሰቨራንስ የተባለው የናሳ ሮቨር ነው። ሮቨሩ የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም ማርስ ላይ ያረፈው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጄዜሮ በተባለ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። ስሙ የተወሰደው ቦስኒያ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሲሆን ትርጉሙም «ሐይቅ» ማለት ነው። (የማርስ ትናንሽ ጉድጓዶች የሚሰየሙት ከ100,000 በታች ሕዝብ ባላቸው የምድር ከተሞችና መንደሮች ነው። የሾኔ ልጆች፣ ተስፋ አትቁረጡ!)

ለምን እዚያ አረፈ ለሚለው፣ ለባደዋቾ ሰው ማስረዳት ብዙም አይከብድም። ቢላቴ በክረምት የየማሳውን አፈር ጠርጎ ይወርድና ዓባያ ሐይቅ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የተሸከመውን ደለል አፉ ላይ ያራግፋል። ዓባያ ቀላ ብሎ የሚታየውም ውኃው ውስጥ በሚንሳፈፈው ደለል ነው። ጄዜሮም ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ያለ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ ነበር። ውኃው ደርቋል፤ ደለሉ ግን ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል። ጥንት እዚያ ሕይወት ያለው ነገር ከነበረ ምልክቱ ተቀብሮ ሊቆይ የሚችለው እንዲህ ባለ ጭቃ ውስጥ ነው።

ነጠብጣባሙ ድንጋይ የተገኘው ሐምሌ 2016 ዓ.ም፣ ወደዚያ ሐይቅ ይገባ በነበረ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ቼያቫ ፎልስ የሚል ስም ወጣለት። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። የሮቨሩ መሣሪያዎች ካርቦን ያለባቸው ኦርጋኒክ ውህዶች አገኙበት፤ ነጠብጣቦቹም ብረት፣ ፎስፈረስና ድኝ ያላቸው ማዕድናት እንዳሉባቸው አሳዩ። ምድር ላይ እንዲህ ያሉ ማዕድናት ብዙ ጊዜ ከረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ጋር አብረው ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ሕይወት በሌለበት በኬሚስትሪ ብቻም ሊፈጠሩ ይችላሉ። ናሳ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በእኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑ ነው፣ በሰጠው መግለጫ «የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል» ያለው ለዚህ ነው። ወደ እኛ ሲደርስ «ሊሆን የሚችል» የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች።

ይህ ጥንቃቄ ለፈረንጅ ብቻ የሚተው አይደለም፤ አገራችን የራሷ ታሪክ አላት። አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል፣ ያ ቢጫና አረንጓዴ አሲዳማ ኩሬ፣ ማርስን ማጥናት የሚፈልጉ ሳይንቲስቶች የሚመላለሱበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እዚያ በጣም ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም ሲል አሳተመ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ፣ ግን ማዕድን ብቻ የሆኑ ቅንጣቶች እንዳሉም አስጠነቀቀ። እንግዲህ ዳሎል ሰው ሄዶ ናሙና የሚቀዳበት ቦታ ነው። እዚያ እንዲህ ካከራከረ፣ በሮቦት መሣሪያዎች ብቻ የታየ የማርስ ድንጋይ ላይ መፍረድ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

እኛን የሚያሳስበን ሌላም ነገር አለ። ይህ ፎቶ በሚዞርበት ስልክ የደቡብ አፍሪካ ደላላም ፎቶ ይልካል፤ ሱቅ፣ መኪና፣ የሳቀ ወጣት። መቼ እንደተነሳ፣ የት እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው አይታወቅም። በዚያ ፎቶ ተስፋ አድርጎ መሬት የሸጠ ቤተሰብ በአካባቢያችን ስንት ነው? የማርሱ ፎቶ ቢያንስ ይጣራል። ናሳ ሮቨሩ የሚልካቸውን ጥሬ ፎቶዎች ከነቀናቸውና ካነሳቸው ካሜራ ስም ጋር ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይለቃል። የሾኔ ተማሪ ኢንተርኔት ካገኘ፣ ሂዩስተን ያለ ሰው የሚያየውን ያንኑ ያያል። ቀንም ምንጭም የሌለው «የማርስ ፎቶ» ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት እዚያ ፈልጉት፤ ካጣችሁት ለእኛም ላኩልን፣ አብረን እናጣራዋለን።

ክርክሩን የሚቆርጠው ምድር ላይ ያለ ላቦራቶሪ ነው። ሮቨሩ ከዚያ ድንጋይ የጣት ያህል ናሙና ቆፍሮ በቱቦ አሽጓል። ናሙናዎቹን ወደ ምድር የማምጣቱ ዕቅድ ግን ወጪው እያሻቀበ ሄዶ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ይቋረጥ ብሏል። ቱቦው አሁንም ማርስ ላይ ነው።