የዛሬ ትምህርት፦ ኮረንቲን በቁጥር ማንበብ



ፊደል ለይታችኋል። ቁጥርም ታነባላችሁ። ዛሬ በእነዚያው ቁጥሮች ኮረንቲን እናነባለን።

ኮረንቲ በዓይን አይታይም። አይሸትም። የነካውን ሰው ግን ሊገድል ይችላል። አንዳንዱ ቤት መብራት ገብቶለታል። ሌላው በሶላርና በባትሪ ያበራል። መኪናና ትራክተርም የሚነሡት በባትሪ ነው። ታዲያ የማይታየውን ነገር በምን እናውቀዋለን? በመለኪያ ነው። መለኪያው መልቲሜትር ይባላል። «ቴስተር» የሚሉትም አሉ።

አንድ አባት በትምህርት ሰዓት፣ «ልጄ፣ መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ምን ያስፈራል?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አባባ፣ አምፖል የሚጠፋው ኮረንቲ ስለሌለ ብቻ አይደለም። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል። ወይም ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል። ያን ጊዜ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሽቦው ግን ይገድላል።

ምልክቶቹ

በመለኪያው ላይ የተጻፉት የፈረንጅ ፊደሎች ናቸው። አትፍሩ፤ በእኛ ፊደል እናስታውሳቸዋለን።

አንደኛው ምልክት ታቹ የሾለ «ሀ» ይመስላል። ይህ ቮልት ነው። ቮልት ማለት ኮረንቲውን የሚገፋው ኃይል መጠን ነው። ስሙ የመጣው በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ ይፋ ካደረገው ከጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው።

ሁለተኛው መካከሉ ላይ መስመር የገባበት «ለ» ይመስላል። ይህ አምፔር ነው። ሦስተኛው ታቹ ተከፍቶ ሁለት እግር ያበቀለ «ዐ» ይመስላል። ይህ ኦም ነው።

ከቮልት አጠገብ ሞገድ የመሰለ ምልክት ካለ የቤት ኮረንቲ መለኪያ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ካለ የባትሪና የሶላር ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ስትገዙ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለም? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እዩ።

ለባትሪ ብቻ ከሆነ ርካሹም ይበቃል። ለቤት ኮረንቲ ግን ርካሹን አትመኑ። በላዩ «ካት» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ፣ ከአጠገቡ ሦስት ቋሚ መስመሮች፣ ቀጥሎም 600 የሚል ቁጥር ይኑረው። ጽሑፉ ብቻ ግን አይበቃም። የሽቦዎቹ ልባስ ወፍራምና ያልተሰነጠቀ ይሁን። መያዣቸው ጣት እንዳይንሸራተት የሚከለክል ጠርዝ ይኑረው። ውስጡም ፊውዝ ይኑረው።

በባትሪ ድንጋይ ጀምሩ

ጥቁሩን ሽቦ የጋራ በሆነው ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ። ቀዩን ቮልት በተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ። ማዞሪያውን ከባትሪው ቮልት 20 ላይ አድርጉ። ቀዩን በባትሪ ድንጋዩ የመደመር ጫፍ፣ ጥቁሩን በመቀነስ ጫፍ አስነኩ። አዲስ ከሆነ 1.5 አካባቢ ይነበባል። ነጥቧን አትዝለሏት! 1.5 እና 15 አንድ አይደሉም። የመቀነስ ምልክት ከወጣ ሽቦዎቹን አለዋውጣችኋል ማለት ነው፤ መልሱት።

የመኪናና የሶላር ባትሪ

ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ከሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩ።

12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሞልቷል።
12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል።
ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው፤ ቶሎ ይሞላ።

መኪናው ተነሥቶ ሞተሩ እየሠራ ብትለኩ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ መሆን አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል። ሳትለኩ አዲስ ባትሪ ብትገዙ ገንዘባችሁ ባከነ ማለት ነው። የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ ማዞሪያውን 200 ላይ አድርጉ።

የደከመ ባትሪም ሥራ ሳይነካው 12.6 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሰው መኪናውን ሲያስነሣ ቁጥሩን እዩ። ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም። መጀመሪያ ሙሉት፤ እንደገና ለኩት። ከባትሪ አጠገብ እሳት አይለኮስ፤ ሲጋራም አይጨስ።

የቤት ኮረንቲ

በሀገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ማዞሪያውን ባለ ሞገዱ ቮልት ላይ፣ ከትልቁ ቁጥር አድርጉ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፤ ጫማ አድርጉ። የሽቦውን ብረት በጣት አትንኩ።

ቀዩን ሽቦ ከአምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ከትታችሁ ሶኬት አትለኩ። አደራ! በዚያ በኩል ኮረንቲው እንደልቡ ያልፋል። መለኪያው በእጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ኦምም የሚለካው ኮረንቲ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

ሽቦው ኮረንቲ እንደሌለው ስታረጋግጡ ሦስት ጊዜ ለኩ። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው የምታውቁትን ሶኬት። ቀጥሎ የምትጠረጥሩትን። በመጨረሻም ያንኑ የመጀመሪያውን። ሦስተኛው ልኬት ለምን? የመለኪያው ሽቦ ተበጥሶ ወይም ባትሪው አልቆ ይሆናላ! የተበላሸ መለኪያም ዜሮ ያሳያል።

ደግሞም በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ዜሮ ቢነበብም፣ አባባ እንደጠየቁት አምፖል፣ አንደኛው ሽቦ ኮረንቲ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ማጥፊያ ሳታጠፉ ሽቦ አትንኩ። ቆጣሪውንና ምሰሶውን ለባለሙያ ተዉ።

እንግዲህ ቁጥር ማወቅ ለገበያ ሒሳብ ብቻ አይደለም። ሕይወትንም ያድናል።

መልመጃ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ሞተሩ እየሠራ መለኪያው 12.1 አሳየ። ምን ማለት ነው?
2. የቤት ኮረንቲ ስትለኩ ቀዩ ሽቦ የት ይገባል?
3. ሦስት ጊዜ የምንለካው ለምንድን ነው?

ደኅና ሁኑ።