ሉክሶር ይቆየን
ሁለት ቀን እረፍት አግኝቶ የጥንት ፍርስራሽ ለማየት የጓጓ ሰው፣ የግብፁን ሉክሶር ቲኬት ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የደሴን መንገድ ይያዝ ባይ ነኝ። ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ከብርዱ ወደ ቆላው ተምዘግዝጎ ለምሳ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉት የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ በዚሁ አገር ተረተሮች ላይ ነው፤ የኖራ መስጊድ የድንጋይ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ይፋትን የገዙት ወላስማዎች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የዘይላን የንግድ መንገድ ይዘው የከበሩ ናቸው። የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ እንኳ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሐበሻ እስላም ነገሥታት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። እኛስ? የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው እስኪያጠኑልን ፍርስራሹን የአገሬው ገበሬ ብቻ ሲያውቀው ኖረ። ለቱሪስት ሎጅ ከማቀድ በፊት የመንገድ ምልክትና የሠለጠነ የአካባቢው አስጎብኚ ቢቀድም እመርጣለሁ። ለጊዜው ግን ተጓዡ ራሱ ይሰናዳ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሂድ፣ ውሃ አብዝቶ ይያዝ፣ አገር የሚያውቅ ሽማግሌ ያስከትል፤ የመንገዱን ሰላም ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ሳያጣራ ቁልቁለቱን አይጀምር።