ይዞ ለመልቀቅ

አንባቢዬ ሆይ! ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፥ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲጠበስ ውሎ፥ በብዙ ድካም የያዘውን ዓሣ ሳይቀምሰው መልሶ ወደ ባሕር የሚሰድ ሰው ቢያጋጥምዎ ምን ይሉታል? እኔ እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። ማያሚ ከከተመ ብዙ ዘመኑ ነው። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ «ና፥ ባሕሩን በእግርህ ትረግጠዋለህ» ብሎ ወደ ፍሎሪዳ ኪይስ ይዞኝ ወረደ።

ኪይስ ከፍሎሪዳ ጫፍ ጀምረው እንደ መቁጠሪያ የተዘረጉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ቀድሞ የምድር ባቡር ያገናኛቸው ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሐዲዱን ስላፈረሰው፥ በድልድዮቹ ላይ የመኪና ጎዳና ተሠርቶ በ1938 ተከፈተ። ከጎዳናው ወዲያና ወዲህ ያለው ባሕር በብዙ ስፍራ ከጉልበት አይዘልም። ከሥሩ አሸዋና የባሕር ሣር ነው፤ ዳር ዳሩን ሥሩን በውሃ ውስጥ የተከለ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ከብቦታል። ውሃው ሲሞላ ቦንፊሽ የተባለው ዓሣ ሽሪምፕና ሸርጣን ሊለቅም ከጥልቁ ወደዚህ ሜዳ ይወጣል።

የቦንፊሽ ጎኑ እንደ መስተዋት ስለሆነ፥ የሥሩን አሸዋ መልሶ ያሳያል እንጂ ራሱ አይታይም። የሚታየው ጥላው ነው፤ ወይም አፉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ሲበላ ከውሃ በላይ ብቅ የሚለው ጅራቱ። ስለዚህ አንዱ ሰው ከኋላ ሆኖ ጀልባዋን በረጅም እንጨት በዝግታ ይገፋል፤ ሁለተኛው ዘንጉን ይዞ ከፊት ይቆማል። ዓሣው ያለበትን አቅጣጫ የሚነጋገሩት በሰዓት ቁጥር ነው፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12 ሰዓት ይባላል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይጠንቀቅ! ፈረንጅ «11 ሰዓት» ሲል በልማዳችን «5 ሰዓት» ብለን ብንተረጉመው፥ በስተግራ ፊት ለፊት ያለውን ዓሣ ትተን ወደ ቀኝ ኋላ መዞራችን ነው። ከወዳጄ ጋር ጀልባ ላይ የሚሠራው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ እንዲሆን አስቀድመን ተዋዋልን።

መንጠቆው የሚበላ ነገር የለበትም፤ በላባና በክር ተጠቅልሎ ሽሪምፕ እንዲመስል የተሠራ ነው። እርሱ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው። ዓሣው ራስ ላይ ቢያርፍ ይበረግጋል፤ ከኋላው ቢያርፍ አያየውም።

ረፋዱ ላይ ወዳጄ አንዱን ያዘ። ገመዱ ከማጠንጠኛው ላይ እያፏጨ ተተረተረ፤ ዓሣው በአንድ ሩጫ ወደ 100 ሜትር ያህል ወሰደው። ደክሞ ሲመለስ ግን አንድ ቡናማ ጥላ ከኋላው ይከተል ጀመር፤ ሻርክ ነው። ወዳጄም ዘንጉን ወደ ዓሣው አቅንቶ፥ ማጠንጠኛውን በእጁ ጨብጦ ክሩን በጠሰው።

«ምነው! ሊገባልን አልነበረምን?» ብለው፥ «ለእኛ ነው ወይስ ለሻርኩ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሎሪዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦንፊሽ ይዞ ማስቀረት ክልክል ነው፤ የተያዘ ሁሉ ይለቀቃል። ሕጉ የሚያዘው መልቀቁን ነው እንጂ፥ የተለቀቀው መትረፉን ማንም ቆሞ አይጠብቅም። በባሃማስ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ ተዳክሞ ሚዛኑን ስቶ የተለቀቀ ቦንፊሽ ቀጥ ብሎ ከሚዋኘው ይልቅ በብዙ እጥፍ የአዳኝ ሲሳይ ይሆናል። ፎቶግራፍ ለመነሣት ከውሃ አውጥተው የሚያቆዩት ሰዎች እንግዲህ ለቀቅን የሚሉት ለስሙ ነው።

ሁለተኛው ዓሣ ሲያዝ በአካባቢው ሻርክ አልነበረም። ወዳጄ ቶሎ ስቦ አቀረበው፤ ከውሃ ሳያወጣው እሾህ የሌለውን መንጠቆ በሁለት ጣቱ ነቀለለት። ከዚያም ዓሣው በራሱ ኃይል እስኪሄድ ድረስ መዳፉን ከሆዱ ሥር አድርጎ ጠበቀ። እኔ ዓሣ ለመብል እንጂ ለጨዋታ አይያዝም ባይ ነኝ፤ ይህን አሳቤን ዛሬም አልተውሁትም። ያን ጊዜ ግን ዝም ብዬ ከእርሱ ጋር ጠበቅሁ።

ምሳ ስናፐር የተባለውን ዓሣ ከጎዳና ዳር ካለ ምግብ ቤት ተጠብሶ በላን፤ ሒሳቡን ወዳጄ ከፈለ።