«የሞተ ክር» የሚሉት

ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ናይሮቢ በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ቤዝ ጊታሬን ይዤ ቀርቤ ነበር። የሚቀዳው የትዝታ ዜማ ነው። ዘፋኟ እናቷ አገር ቤት ስታርፍ እዚህ ሆና መርዶ የተቀበለች ሴት ናት፤ ግጥሙንም የጻፈችው ራሷ ነች። ሁለተኛውን ስንኝ ሳንጨርስ የድምፅ ባለሙያው እጁን አንሥቶ አስቆመን። «ጋሼ፣ ይህ ክር እኮ ሞቷል! መቼ ነው የቀየሩት?» አለኝ። አራት ዓመት እንደሆነው ስነግረው ሣቀ። በሳምንቱ የእኔ ድርሻ ተነሥቶ በኪቦርድ መተካቱን ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው ያለ ቂም ነው ብል አንባቢን መዋሸት ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጽ ባላጣበብኩ ነበር። የሚያሳስበኝ ያ ወጣት የተናገረው ቃል የእርሱ የግል አስተያየት አለመሆኑ ነው። በየስቱዲዮው፣ በየሠርግ አዳራሹ፣ በየሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ሕግ ሆኖ የሚነገር ነው፤ የሚያበራ ድምፅ ሕያው ነው፣ የማያበራው ሙት ነው ይሉናል። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

በመጀመሪያ ክሬ አልሞተም፤ ከአሠራሩ ሌላ ነው። የቤዝ ክር መካከሉ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ሲሆን በዚያ ላይ ሌላ ሽቦ ይጠመጠማል። የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ከሆነ ክሩ ራውንድዋውንድ ይባላል፤ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ፍላትዋውንድ። የመጀመሪያው በጣት ሲዳሰስ እንደ ሞረድ ይኮሰኩሳል፤ ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉት ረቂቅ ንዝረቶች ይንቃጨላሉ፤ ጣት ሲንሸራተትበትም ይጮኻል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ዋናውን ድምፅ አጉልቶ፣ ቅጭልጭልታውን ቀንሶ፣ ቶሎ ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ ነው ሞት የሚሉት።

የሊዮ ፌንደር «ፕሬሲዥን» ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለዓመታት የተለመደው ጠፍጣፋው ክር ነበር። ክቡ ክር ስም ያወጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የእንግሊዙ የዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል እ.ኤ.አ. በ1966 ከሮቶሳውንድ ክር ሠሪዎች ጋር ተቀምጦ እንደ ፒያኖ የሚያስተጋባ ክር እስኪያገኝ ድረስ ሠርቷል። እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም። በባንዱ ውስጥ ከአንድ ጊታርና ከከበሮ በቀር ሌላ መሣሪያ ስላልነበረ ባዶውን ስፍራ ቤዙ መሙላት ነበረበት። እንግዲህ የሚያበራው ክር የተፈለገው ባዶ ቦታ ስለነበረ ነው። ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ጊታርና ማሲንቆ በተደራረቡበት የእኛ ዘፈን ውስጥ ያ ባዶ ቦታ ከየት መጣ?

ጄምስ ጀመርሰንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1983 የኖረው ይህ ሰው በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ የተጫወታቸውን ዘፈኖች ያልሰማ ጆሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መሣሪያው የ1962 ፕሬሲዥን ነበር። በላዩ ላቤላ የተባለውን ወፍራም ጠፍጣፋ ክር ይወጥርበታል፤ ክሩን የሚቀይረው ሲበጠስበት ብቻ ነው። በብሪጁ፣ በእኛ አነጋገር በበርኩማው፣ ሽፋን ሥር ድምፁን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረው። የሚመታውም በአንዲት ጠቋሚ ጣት ነው። የእኛ ስቱዲዮ ሰው ቢያገኘው ኖሮ «ጋሼ፣ ሞቷል!» ብሎ ወደ ቤቱ በሸኘው ነበር። ነገር ግን የፎር ቶፕስን «በርናዴት» (1967) አዳምጡ። ቤዙ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ከምቱ ፈንጠር ብሎ ሲመለስ ይሰማል፤ አንድም ጊዜ ግን የሌቫይ ስተብስን ጩኸት አይሸፍንም። ያን ያህል ብዙ ኖታ መጫወት የቻለው ክሩ እያንዳንዱን ኖታ በጊዜው ስለሚለቅለት ነው ብዬ አምናለሁ። በክቡ ክር ያንኑ ያህል ኖታ ቢደረደር እርስ በርሱ ይጣበቃል። የዚህ ሰው ስም በሞታውን አልበም ሽፋን ላይ እስኪሰፍር ድረስ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን የማርቪን ጌይን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» መጠበቅ ማስፈለጉ ሌላ በደል ነው፤ እኛ ተርጓሚዎች ይህን ዓይነቱን በደል ከሌሎች ይልቅ እናውቀዋለን።

ሬጌ ወዳጅ ነኝ የሚል ደግሞ ከቦብ ማርሊ ኋላ ቆሞ የነበረውን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈውን አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬትን ያስታውስ። የእርሱም ክር ጠፍጣፋ ነበር።

ተቃዋሚዎቼ አንድ ብርቱ ክርክር አላቸው፤ ላልፈው አልፈልግም። ዛሬ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በስልክ ነው ይላሉ። ወፍራሙ የቤዝ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይነዝራል፤ ያን ዝቅታ የስልክ ድምፅ ማጉያ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ቤዙ የሚሰማው በረቂቆቹ ንዝረቶች ነውና ክሩ ማብራት አለበት። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። የዲትሮይት ዘፈኖች የተደመጡት በመኪና ሬዲዮ ነበር፤ ያ ድምፅ ማጉያም ከዛሬው ስልክ ብዙ የሚሻል አልነበረም። ጠፍጣፋው ክር የሚቀንሰው ከላይ ያለውን ቅጭልጭልታ እንጂ የመካከለኛውን ድምፅ አይደለም፤ በትንሽ ማጉያ ቤዝን የሚያሰማው ደግሞ መካከለኛው ነው። ባለሙያው ያንን አንድ ቁልፍ ጠምዝዞ ከፍ ቢያደርግ በቂው ነበር። በአውራ ጣት እያጮኸ ለሚጫወት ወይም እንደ ጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዙን ራሱን ዘፋኝ ማድረግ ለሚሻ ግን ክቡ ክር ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

«የሐበሻ ጆሮ ዝርዝርታ ይወዳል፤ በገናን አታይም?» ያለኝ ወዳጅም አለ። መልካም ብሏል። የበገና ጅማት በርኩማው ላይ ሲያርፍ እንዝራ የሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ይገቡበትና ያ የታወቀው ዝርዝርታ ይወጣል። በገና ግን ከደርዳሪው ድምፅ በቀር ማንም የለበትም፤ ድምፁ ዝቅ ያለውን ዝማሬ ከብቦ ይይዛል እንጂ ከሰባት መሣሪያ ጋር አይጋፋም። በትዝታ ዘፈን ውስጥ የምናደምጠው የዘፋኙን ጉሮሮ ነው፤ አንዱን ፊደል ይዞ ሲያወርድ ሲያወጣ፣ ሊሰበር ሲል ሲመለስ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክቡ ክር በሚንቃጨልበት ሰፈር አካባቢ ነው። ያቺ ሴት «እናቴ» የሚለውን ቃል ስታወርድ ከሥሯ የሚንጫጫ ብረት እንዳይኖር ነበር ያን ክር የመረጥኩት። ለባለሙያው ይህን ለማስረዳት ሞክሬያለሁ፤ እርሱ ግን ዓይኑ ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው መስመር ላይ ነበር።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። በእኛ አካባቢ ጥሩ ክር የሚገኘው ባመዛኙ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ክቡ ክር በጥምጥሙ መካከል ላብና እድፍ ስለሚሰበስብ ድምፁ ቶሎ ይወርዳል፤ ክራቸውን በድስት ቀቅለው መልሰው የሚወጥሩ ቤዚስቶች አሉ፤ እኔም ቀቅያለሁ። ፍሬቱንም ይበላል። ጠፍጣፋው ሲገዛ ይወደዳል፤ ነገር ግን ለዓመታት ያገለግላል፤ ብዙዎች እንዲያውም ሲያረጅ ይሻላል ይላሉ።

በሌላ በኩል የጀመርሰንን ክር ገዝተው ጀመርሰን የሆኑ የሚመስላቸውንም አልደግፍም። የእርሱ ስም ያለበት የላቤላ ክር ወፍራሙ 0.110 ኢንች ነው፤ ውጥረቱ ብርቱ ስለሆነ አንገቱን ያጎብጣል፤ በውስጡ ያለውን ዘንግ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ለስላሳ ጣት ላለው የቪየናው ቶማስቲክ-ኢንፌልድ የሚሠራው ቀጭኑና ልል የሆነው ይሻለዋል። የትኛውንም ብትገዙ ትርፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ክሩን እጥፍ አድርጉት፤ አለዚያ ጥብጣቡ ከጫፉ ይፈታል።

ዘፈኑ ባለፈው ዓመት ወጥቷል። የኪቦርዱ ቤዝ በስልኬም ጥርት ብሎ ይሰማል። «እናቴ» የምትለዋን ለመስማት ግን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት።