የእኛ «5» እና የመምህሩ ማዕረግ

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ ይመጣል። እኛ «ኢቫሉዌሽን» የምንለው ማለት ነው። «ቶሎ ሙሉና ውጡ» እንባላለን፤ በአምስት ደቂቃ ሞልተን እንወጣለን። ለመሆኑ ያ ነጥብ የት እንደሚደርስ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሌክቸረር ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር የሚሆነው አመልክቶ ነው። ማመልከቻው ከትምህርት ክፍሉ ይነሳና ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የፕሮፌሰርነት ጥያቄ ደግሞ እስከ ቦርድ ይደርሳል። የአገልግሎት ዘመኑ ይቆጠራል፣ ያሳተማቸው ጥናቶች ይመረመራሉ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለኅብረተሰቡ የሠራው ይታያል። የማስተማር ብቃቱም ይመዘናል። የእኛ ነጥብ ከባልደረቦቹና ከክፍል ኃላፊው ነጥብ ጋር የሚደመረው እዚህ ላይ ነው።

ጥናቱን ሌላ ምሁር ሊያነበው ይችላል። እሱም ቢሆን ማጭበርበሪያ አያጣም። ገንዘብ ተቀብለው በቅጡ ሳይመረምሩ የሚያትሙ ጆርናሎችን አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እ.ኤ.አ. በ2010 «አዳኝ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሆነውን ግን ከእኛ በቀር ማን አየው?

ታዲያ እንዴት ነው የምንሞላው? ቀልድ ለሚያውቅና ማርክ ለማይሰስት መምህር ከላይ እስከ ታች «5»። አሳይመንት ለሚያበዛና «ሲ» ለሰጠ ደግሞ «1»፤ ብድር መመለስ ነው! ተዘጋጅቶ የሚመጣው፣ ወረቀታችንን መስመር በመስመር አርሞ የሚመልሰው መምህር በዚህ ስሌት ተጎጂ ነው። ከእሱ የባሰ የሚጎዱት ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው። ማጥበቅ እንደሚያስቀጣው ያየ መምህር ማላላት ይጀምራላ!

እኛ ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን። ትክክለኛነት፣ ሚዛናዊነት፣ ፍትሐዊነት እያልን ለፈተና የምንሸመድደው ለመቼ ነው? ያ ቅጽ ስለ አንድ ሰው ሥራ የምንጽፈው ዘገባ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታም ያው ነው።

«ብንሞላስ ምን ይለወጣል? መሳቢያ ውስጥ ሊቀር!» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ መልስ የማያገኝ አስተያየት ያሰለቻል። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር ላሳስብ። ቅጹ በሴሚስተሩ አጋማሽም ይሰጠን፤ መምህሩ እኛ ሳንለቅ እንዲያስተካክል። ከቁጥሩ ጎን ምክንያታችንን የምንጽፍበት ሰፋ ያለ ቦታ ይኑር። በአስተያየታችን የተነሳ የተሻሻለ ነገር ካለ ደግሞ የማንም ስም ሳይነሳ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍልን።

የእኛ ድርሻ ከዚህ ይቀላል። ያየነውን መጻፍ ነው፤ ለወደድነውም ለጠላነውም።