ሥራውን ትችላላችሁ፤ የቤት ካርታስ አላችሁ?

ወግዲ ላይ አምስት ልጆች አሉ እንበል። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀው ተደራጅተዋል፤ ፈቃድ አላቸው፣ ግንበኛም አናጺም ከመሃላቸው አለ። በኩር ጋዜጣ ላይ የትምህርት ቤት ክፍሎች ግንባታ ጨረታ ወጣ፤ ሥራው 5 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ይችሉታል። ታዲያ ለምን አይወስዱትም?

መልሱ ማስታወቂያው ላይ ያለችው «ማስከበሪያ» የምትል ቃል ናት።

እስቲ እናስላው። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው የፌዴራል የግዥ መመሪያ የጨረታ ማስከበሪያ እስከ 2 በመቶ ነው፤ 100,000 ብር ማለት ነው። ካሸነፉ ይመለስላቸዋል፤ በምትኩ ግን የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ ይመጣል፤ 500,000 ብር። ሲሚንቶና ብረት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀዳል፤ ለዚያ 1.5 ሚሊዮን ብር ደግሞ እኩያ ዋስትና ያስፈልጋል። በቃ፣ መሠረት ሳይቆፈር የ2 ሚሊዮን ብር ዋስትና ተፈለገ። አማራ ክልል የራሱ የግዥ ሕግ አለው፤ የሚጠየቁት የዋስትና ዓይነቶች ግን እነዚሁ ናቸው።

ዋስትናውን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ነው። ባንክ ደግሞ ወይ ጥሬ ገንዘብ ያግዳል፣ ወይ የቤት ካርታ ይይዛል። ደሴ ላይ ፎቅ ያለው ተቋራጭ ይህ አይከብደውም። የወግዲው ልጅ ግን ምን ያስይዝ? መጨረሻ ላይ ሥራው ከሩቅ ለመጣ ተቋራጭ ይሄዳል፤ ልጆቹም እዚያው ሳይት ላይ በቀን ሠራተኛነት ይቀጠራሉ።

ታዲያ ዋስትናው ይቅር? በፍጹም። ቅድሚያ ክፍያ ተበልቶ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ የቀረ ክፍል የሚጎዳው ተማሪውን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮ ዋጋ የተዋዋለ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ሥራ ጥሎ መሄድ ያምረዋል። ያን ጊዜ ወረዳው እጅ ላይ የሚቀረው ዋስትናው ብቻ ነው።

ለተደራጁ ወጣቶች መመሪያው ቀዳዳ ከፍቷል፦ ያደራጃቸው አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ። ጥሩ ነው፤ ግን ከደብዳቤው ጀርባ የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ሥራው ቢቆም ደብዳቤ የጻፈውም መሥሪያ ቤት፣ ያሠራውም መሥሪያ ቤት የመንግሥት ናቸው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው።

አገራችን ዋስ ብርቅ አይደለም። ድሮም ዋስ የሚሆነው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ነው። አሜሪካም በ1935 እ.ኤ.አ. በወጣው ሚለር በሚባለው ሕግ የመንግሥት ግንባታ ላይ ቦንድ ግዴታ አድርጋለች። እዚያ ዋስ የሚሆነው ኩባንያ የሚፈርመው የተቋራጩን ያለፉ ሥራዎች፣ ሒሳብና ባለሙያዎች መርምሮ ነው፤ ተቋራጩ ሥራ ጥሎ ቢሄድ ያስጨርሳል ወይ ይከፍላል። የእኛ ባንክ ግን የሚያየው ካርታውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ማስተካከል ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ሚክሰርም ሆነ ከመንግሥት የሚሰበሰብ ክፍያ ለዋስትና ሊያዝ ይችላል። ወረዳው ያንን 5 ሚሊዮን በሁለት ሎት ቢከፍለው በአንድ ሎት የሚፈለገው ዋስትና በግማሽ ይወርዳል። ክልሉ ደግሞ ለደብዳቤው የሚሆን ትንሽ ፈንድ ቢመድብ ደብዳቤው ክብደት ያገኛል።

እናንተም ሰፈራችሁ ላይ የግንባታ ጨረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሥራው በሎት ተከፍሏል? የተደራጁ ወጣቶች የዋስትና ደብዳቤ ተቀባይነት አለው? መልሱ «የለም» ከሆነ አሸናፊው ከወግዲ እንደማይሆን ፖስታው ሳይከፈት ማወቅ ይቻላል።